«የተበላ ብሎን በሰከንድ ያወጣል» የሚሉትን ሳጥን አትግዙ

ሞተር ያላችሁ ሰዎች፣ ይቺን ሳታነቡ ገንዘብ እንዳታወጡ። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ትሸጣለች። ውስጧ ጫፋቸው እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ፣ የሚያብለጨልጩ ብረቶች ተደርድረዋል። ቪዲዮው ላይ ሰውየው ጭንቅላቱ የተበላ ብሎን ይበሳል፣ ብረቷን ይሰካል፣ ያዞራል፣ ብሎኑ ውልቅ። ግን ልብ ብላችሁ እዩት። ብሎኑ የታሰረው ምንም ዝገት ያልነካው ንጹህ ብረት ላይ ነው። ክረምቱን ሙሉ ጭቃና ዝናብ ሲጠጣ የከረመ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ላይ ሞክሮ ያሳየ ሻጭ አላየሁም።

የጓደኛዬ ቦክሰር ሞተር ላይ የሆነው ይኸው ነው። የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) አንገት ቴስታታው ላይ የሚታሰርበት ብሎን ተቆረጠ። ይሄ ቦታ በየቀኑ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ውሃ ይረጭበታል። ብሎኑ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ሁለቱ እርጥበት ሲያገኛቸው ይበላላሉና ፊሌቱ (የብሎኑ ጥርስ) ይነክሳል፣ ተጣብቆ አልፈታም ይላል። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው ወንድሜ፣ ለማንኛውም ብሎን ይሆናል» ብሎ ሳጥኗን ሰጠው። መካኒኩ የተቆረጠውን ብሎን መሃሉን በሳ፣ ብረቷን መታ መታ አድርጎ አስገባ፣ በቁልፍ ማዞር ሲጀምር ቀጭ! ጫፏ እዚያው ውስጥ ቀረ።

ጉዱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ተራ ብሎን በፑንታ (በመብሻ ብረት) ይበሳል። ይቺ ብረት ግን ሆን ተብሎ እንድትጠነክር የተሠራች ናት። ስትጠነክር ደግሞ ተሰባሪ ትሆናለች። ተራ ፑንታ ላይዋ ላይ ይንሸራተትና አጠገቧ ያለውን ለስላሳ አሉሚኒየም ይበላል። አንድ የተቆረጠ ብሎን የነበረው ችግር ሁለት ሆነ ማለት ነው።

እስቲ አስቡት። ባለ 6 ሚሊ ብሎን በሙሉ ውፍረቱ ያልቻለውን ኃይል፣ በመሃሉ የምትገባ 3 ሚሊ ገደማ የሆነች ብረት እንዴት ትችለዋለች? ደግሞ ቅርጿ ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ በገባች ቁጥር ብሎኑን ወደ ጎን ትገፋዋለች። የነከሰውን የባሰ ታስነክሰዋለች። ለእውነቱ ከሆነ ጭንቅላቱ ብቻ ለተበላና ፊሌቱ ላልነከሰ ብሎን ደህና ጥራት ያላት ልትሠራ ትችላለች። «ለማንኛውም ብሎን» የሚለው ግን ውሸት ነው። ላይዋ ላይ የተጻፈው የብረት ዓይነትም ዋስትና አይሆንም፣ ጽሑፍ ማንም ያትማል።

ሁለተኛው ወጥመድ ጋራዡ ነው። ጫፏ ስትቀር «ቴስታታው አብቅቶለታል፣ ይቀየር» ተባለ። የሚሸጥ ቴስታታም እዚያው ተገኘ፤ ምን ዓይነት መገጣጠም ነው! እሺ እንዳትሉ። አንድ ቶርኖ ቤት በካርባይድ ፑንታ (ከተራው በጣም በሚጠነክረው) ቀስ ብሎ በልቶ አወጣትና ቀዳዳውን አስፍቶ የብረት ፊሌት አስገባበት። ያው የድሮው ቴስታታ አሁንም እየሠራ ነው። ብሎኑ ትንሽ ወጣ ብሎ ከተቆረጠማ ነገሩ ይቀላል፦ ጫፉ ላይ ዳዶ ይበየዳል፣ ሙቀቱ ራሱ ያላቅቀዋል፣ ከዚያ በቁልፍ ይዞራል። በያጁ ከመጀመሩ በፊት ግን የባትሪውን ገመድ አስፈቱ፤ አለዚያ ሲዲአዩም (የሞተሩን እሳት የሚቆጣጠረው የኤሌክትሪክ ሳጥን) ሊቃጠል ይችላል።

እዚያ ሳይደረስ በፊት ብዙ ነገር ማድረግ ይቻላል። ዝገት አላቃቂ ፈሳሽ ረጭታችሁ አሳድሩት። ባለ 12 ማዕዘን ቡሶላ (ብሎን ላይ የሚጠልቅ ቁልፍ) ተዉና ባለ 6 ማዕዘኑን ያዙ፣ የብሎኑን ጎን ሙሉ በሙሉ ይይዛል። መጀመሪያ ትንሽ አጥብቁ፣ ከዚያ ፍቱ፣ እያመላለሳችሁ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ፣ ብሎኑን ሳይሆን ዙሪያውን ማሞቅ ይረዳል፤ የነዳጅ ታንኩን አንስታችሁ እንጂ ቤንዚን አጠገብ አይሞከርም። የጃፓን ሞተሮች ላይ ያለው ባለ መስቀል ብሎን ደግሞ ለተራው ኮከብ ካቻቢቴ የተሠራ አይደለም። ይመሳሰላሉ፣ ግን ተራው ወደ ላይ እየወጣ ጭንቅላቱን ይበላዋል። ለሱ የሚሆነው የጃፓን ካቻቢቴ አለ፤ በመዶሻ ሲመታ የሚዞረው ዓይነት ከተገኘ ደግሞ በጣም አሪፍ ነው። ለሳጥኗ የምታወጡትን ብር እዚህ ላይ አውጡት።

ጓደኛዬ ገንዘቡን ሲጠይቅ ሻጩ ቴሌግራም ላይ ብሎክ አደረገው። ደረሰኝ የለ፣ የሱቅ አድራሻ የለ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ ግን የማንን ስም ይዞ ይክሰስ? የግድ ልትገዙ ካሰባችሁ ሱቅ ካለው ሰው፣ በደረሰኝ ግዙ። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ስም በትክክል ይጻፍ፤ «ልዩ ልዩ መፍቻ» ብሎ የሚጽፍላችሁ ካለ ዕቃውን እዚያው መልሱለት።