በአልባኖ ሐይቅ ዙሪያ የእግር መንገዶችን ለሚንከባከቡት በጎ ፈቃደኞች፦ ምስጋና፣ ለሯጮችም ጥቆማ

ሮምና አካባቢዋ ለምትኖሩ፣ ለጉብኝት መጥታችሁም ጫማችሁን በሻንጣ ለያዛችሁ ወገኖች ሁሉ። ይህ ምስጋና የሚገባቸው በካስቴል ጋንዶልፎና በአልባኖ ሐይቅ ዙሪያ ያሉትን የጫካ መንገዶች ያለ ደመወዝ የሚጠርጉ፣ የሚጠግኑና ምልክት የሚቀቡ የጣሊያን ተራራ ክለብ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ክለቡ በጣሊያንኛ ክሉብ አልፒኖ ኢታሊያኖ ይባላል፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ካይ» በሚለው አጭር ስሙ ነው። የተመሠረተው በ1863 እ.ኤ.አ. ነው። በዛፍ ግንድና በድንጋይ ላይ የምታዩት ነጭና ቀይ ቀለም የነሱ እጅ ሥራ ነው። ብዙ ሯጭ ምልክቱን እየተከተለ ያልፋል፤ ማን እንዳኖረው፣ እንዴት እንደሚሠራ ግን አያውቅም። መታወቅ አለበት።

ለማያውቀው ሰው ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። ሐይቁ ልክ እንደ ቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነው። የውሃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 293 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ጥልቀቱ ወደ 170 ሜትር ይደርሳል። ካስቴል ጋንዶልፎ በምዕራብ በኩል በጉድጓዱ ከንፈር ላይ፣ 426 ሜትር ላይ ተቀምጧል። ከመንደር እስከ ውሃ 133 ሜትር ቁልቁል ማለት ነው፤ ሲመለሱ ያው ዳገት ይጠብቃል። በምሥራቅ በኩል ሞንቴ ካቮ 949 ሜትር ላይ ቆሟል። ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ይህ ከፍታ ትንፋሽ አያሳጥርም፤ ፈተናው ዳገቱ ቀጥ ያለ መሆኑ ነው። በ1960ው የሮም ኦሎምፒክ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር የተካሄደው በዚህ ሐይቅ ላይ ነበር። በዚያው ኦሎምፒክ ሻምበል አበበ ቢቂላ ወደ ሮም ሲቃረብ በባዶ እግሩ የሮጠበት ጥንታዊው የአፒያ መንገድም ወደ ደቡብ ሲቀጥል ከመንደሩ አጠገብ ባለችው አልባኖ ከተማ መካከል ያልፋል።

ወደ ሥራው እንምጣ። አንድ ምልክት በአግባቡ ለመቀባት መጀመሪያ የዛፉ ሽበትና የተላጠው ቅርፊት በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ግንዱን ሳያቆስሉ ማለት ነው። ከዚያ 8 በ15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ ላይ አንድ ነጭና አንድ ቀይ መስመር ይቀባል። እርጥብ ግንድ ላይ የተቀባ ቀለም በአንድ ክረምት ይላጣልና ሥራው ደረቅ ቀን ይጠብቃል። በቀይ፣ ነጭና ቀይ ሦስት መስመር ተሠርቶ መሃሉ ላይ በጥቁር ቁጥር የተጻፈበት ደግሞ የመንገዱ መለያ ነው፤ ካርታ ላይ ያለው ቁጥር እሱ ነው። መንታ መንገድ ላይ ደንቡ ሁለት ጊዜ መቀባት ነው፦ አንዱ መገንጠያው ላይ፣ ሌላው ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ትክክለኛውን መያዝህን እንዲያረጋግጥልህ። ስለዚህ መገንጠያ አልፋችሁ ለደቂቃዎች ስትሮጡ ምንም ቀለም ካላያችሁ ስታችኋል። ወደ መጨረሻው ምልክት ተመለሱ፤ ወደፊት እየገፉ መፈለግ ነው ሰውን ገደል አፍ የሚያደርሰው።

በዚህ አካባቢ ምልክት የሚጠፋበት ልዩ ምክንያት አለ። ጫካው በአብዛኛው የካስታኛ (በእንግሊዝኛ ቼስትነት) ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ለእንጨት ተብሎ በየተወሰነ ዓመቱ ከሥሩ ይቆረጥና ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ልክ የእኛ ባሕር ዛፍ እንደሚደረገው። ቁርጡ በደረሰበት ቁራሽ መሬት ምልክት ያለበት ዛፍ ከሌላው ጋር ይሄዳል፤ የእንጨት መኪናውም ከእግር መንገዱ የሰፋ አዲስ መንገድ ከፍቶ ይተዋል። ሯጩ ሰፊውን ሲያይ ይከተላል፤ ይሳሳታል። በጎ ፈቃደኞቹ ከቁርጡ በኋላ መጥተው በቀሩት ግንዶች፣ በድንጋይና በእንጨት ምሰሶ ላይ እንደገና ይቀባሉ። ያን እስኪያደርጉ ድረስ ሰፊ የጎማ ዱካ ያለበት መገንጠያ ላይ ፍጥነት ቀንሱ፣ ጠባቡን ፈልጉ። ሌላ የሚያምታታ ነገርም አለ፤ የፍራንቺጄና የመንፈሳዊ ጉዞ መንገድ በዚሁ ስለሚያልፍ እሱም ቀይና ነጭ ቀለም አለው። ጥቁር የተጓዥ ሰው ምስል ካለበት ወደ ሌላ መንደር እየወሰዳችሁ ሊሆን ይችላልና ቁጥሩን አጣሩ።

ጫፉ ቀይ የሆነው ነጭ ጠቋሚ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ሰዓት የእግረኛ ሰዓት ነው፤ ርቀት አይደለም። ስሌቱ አንድ እግረኛ በሰዓት ከ300 እስከ 350 ሜትር ከፍታ ይወጣል በሚለው ላይ የቆመ ነው። ለምሳሌ ከካስቴል ጋንዶልፎ እስከ ሞንቴ ካቮ ጫፍ ልዩነቱ 523 ሜትር ስለሆነ፣ ዳገቱ ብቻውን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ብዙ ሯጭ ይህን ሰዓት በግማሽ ከፍሎ ያቅዳል። በጠፍጣፋው ይሠራ ይሆናል፤ በዳገቱ ላይ ግን ለመንገዱ አዲስ የሆነ ሰው ሁለት ሦስተኛውን ይያዝ።

ከቀለሙ ይበልጥ ምስጋና የሚገባው ግን ማንም የማያየው የውሃ ሥራ ነው። አፈሩ የእሳተ ገሞራ አመድና ቱፎ የተባለ ለስላሳ ድንጋይ ስለሆነ ዝናብ በቀላሉ ይበላዋል። በጎ ፈቃደኞቹ መንገዱን አግድም እያቋረጠ ውሃውን ወደ ቁልቁለቱ ጎን የሚያወጣ ቦይ ይቆፍራሉ፤ ከታች በኩል ግንድ ወይም ድንጋይ ያጋድማሉ። ቦዩ በካስታኛ ቅጠል ሲደፈን ውሃው መንገዱን ይዞ ይወርዳል፤ በሁለት ሦስት ከባድ ዝናብ ጉልበት የሚደርስ ፈፋ ይከፈታል። ዚግዛጉን ቆርጦ ቀጥታ የሚወርድ ሯጭም የሚያደርሰው ጉዳት ይኸው ነው፦ እግሩ ሣሩን ይነቅላል፣ ውሃው አዲሱን አቋራጭ ይመርጣል፣ በቀጣዩ ዓመት ከላይ ያለው መታጠፊያ ይደረመሳል። እባካችሁ አቋራጭ አትሂዱ። ቅጠል የደፈነው ቦይ ስታገኙ በጫማችሁ ጠረግ አድርጉት፤ አሥር ሰከንድ አይወስድም።

የት እንሩጥ ለምትሉ፣ መነሻው የሐይቁ ዙሪያ ነው፤ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በምዕራብ ዳር አስፋልትና የመዋኛ ቦታዎች አሉ። በምሥራቅ በኩል ግን ጠባብ የአፈር መንገድ፣ የዛፍ ሥር፣ ድንጋይና ጥላ ነው፤ እዚያ ፎንታና (የመጠጥ ውሃ ቧንቧ) ስለሌለ ቢያንስ ግማሽ ሊትር ውሃ ይያዝ። ግድግዳው ቀጥ ያለ ስለሆነ ከዝናብ በኋላ ድንጋይ ይወርዳል፤ አጥር ወይም የማዘጋጃ ቤት የክልከላ ማስታወቂያ ካያችሁ አትዝለሉት፣ በመጣችሁበት ተመለሱ። በካስቴል ጋንዶልፎና በአልባኖ መካከል ደግሞ ላይኛዋ «ጋሌሪያ» አለች፤ ለብዙ መቶ ዓመታት የቆሙ ትልልቅ ዛፎች ጣራ የሠሩላት፣ ሐይቁን ከላይ የምታሳይ መንገድ ናት። ለማሟሟቂያ የተሠራች ትመስላለች። መኪና ስለሚያልፍባት ግን ከፊት የሚመጣውን እያያችሁ ሩጡ።

ከሁሉም የምንወደው ግን ወደ ሞንቴ ካቮ የሚወጣው የጥንት ሮማውያን ቪያ ሳክራ፣ የተቀደሰው መንገድ ነው። ጫፉ ላይ ወደነበረው የዩፒተር ቤተ መቅደስ ይወጡበት የነበረው ጥቁር የድንጋይ ንጣፍ በብዙ ቦታ እስከ ዛሬ አለ፤ አንዳንዱ ድንጋይ ላይ የተቀረጹ ሁለት የላቲን ፊደላት ይታያሉ። በመንገዱ ላይ አልባኖንና ኔሚን፣ ሁለቱን ሐይቆች ባንድ ጊዜ የምታዩበት ቦታ አለ፤ እዚያ ቁሙ። ጫፉ ራሱ በአንቴና የተሞላ ነው፤ እይታውን የምትፈልጉ ከሆነ ከጫፉ በፊት ያገኛችሁታል። ወደዚህ መንገድ ለመግባት ቪያ ዴይ ላጊ የተባለውን የመኪና ጎዳና መሻገር አለ፤ መኪናው ፈጣን፣ ኩርባውም ዓይን የሚጋርድ ነውና ቆማችሁ አዳምጣችሁ ተሻገሩ። የንጣፉ ድንጋይ በዘመናት ብዛት ለስልሷል። ሲረጥብና በተለይ ቅጠል ሲሸፍነው የአስፋልት ጫማ አይቆምበትም፤ ተረከዝን አስቀድሞ የሚያሳርፍ ሰው ይወድቃል። ከሥሩ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ ያለው ጫማ አድርጉ፤ ሲወርዱ እርምጃ አሳጥሩ፤ ከተቻለም ከንጣፉ ጎን ያለውን አፈር ያዙ። በበጋ ለዚህ ዳገት አንድ ሊትር ውሃ ያስፈልጋል።

በጥቅምት የካስታኛው እሾሃማ ፍሬ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ቁርጭምጭሚት የሚታጠፍበት ወር ነው፣ ከቅጠሉ በታች ድንጋዩ አይታይምና። ፍሬውን አትልቀሙ፤ ዛፉ ባለቤት አለው። በጸደይ መዥገር ስላለ እንደጨረሳችሁ ከጉልበት በስተኋላና ብሽሽት አካባቢ ተፈተሹ። የዱር አሳማ ካያችሁ፣ በተለይ ግልገል የያዘች፣ ቆማችሁ መንገድ ስጧት። ጨለማም አስቡበት፤ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው፣ ከመንደሩ በታች ያለው የምዕራብ ዳርቻ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ጥላ ይወድቅበታል። ከገደሉ ሥር የስልኩ አቅጣጫ ጠቋሚ ይስታልና ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ። አደጋ ከደረሰ 112 ደውሉና የመጨረሻውን የመንገድ ቁጥር ተናገሩ፤ ምልክቱ ሕይወት የሚያተርፈው ያኔ ነው።

ለመምጣት ከሮማ ቴርሚኒ ወደ አልባኖ ላዚያሌ የሚሄደውን ባቡር ያዙ፤ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ካስቴል ጋንዶልፎ ጣቢያ ላይ ስትወርዱ ሐይቁ ከታች ይታያችኋል። የወረቀት ትኬት ሳትሳፈሩ በፊት በማሽን ይመታል፤ ያልተመታ ትኬት መቀጫ አለው።

እነዚህን ሰዎች ማገዝ ለምትፈልጉ፣ የክለቡ ቅርንጫፍ ሮምም ፍራስካቲም አለ። ዓመታዊ አባልነት ከተራራ የነፍስ አድን መድን ጋር ስለሚመጣ ለሚሮጥ ሰው በራሱ ጠቃሚ ነው። ገንዘብ የሌለው ጉልበቱን ይስጥ፤ መጋዝ ይዞ የወደቀ ዛፍ የሚቆርጥ፣ እሾህ የሚመነጥር፣ ቀለም የሚሸከም ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል፤ ቋንቋ ባይሞላላችሁም ሥራው በእጅ ያግባባል። የተበላሸ መንገድ ስታዩ ደግሞ ሁለት ፎቶ አንሱ፤ አንዱ ጉዳቱን ከቅርብ፣ አንዱ ዙሪያውን የሚያሳይ። የመንገዱን ቁጥር፣ ቀኑንና ስልኩ የሚሰጣችሁን የቦታ መለኪያ ጨምራችሁ ለቅርንጫፉ ወይም ለካስቴሊ ሮማኒ ክልላዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ላኩ። «ጫካው ውስጥ ዛፍ ወድቋል» የሚል መልእክት ብቻውን አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ዛፉን ሲፈልግ እንዲውል ያደርገዋል።

መንገድ ላይ ቀለምና ብሩሽ የያዙ፣ ብዙውን ጊዜ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ካገኛችሁ ሩጫችሁን ገታ አድርጋችሁ «ግራትሲየ» በሏቸው። ከኛም ከልብ የመነጨ ምስጋና ይድረሳቸው፤ እጃቸው ይባረክ።