«ልዩ የቤተ መንግሥት ጉብኝት» ብሎ ቀብድ ለሚጠይቃችሁ ሰው ብር እንዳትልኩ

ከውጭ ዘመድ የሚመጣባችሁ፣ ወይም ራሳችሁ ለእረፍት አዲስ አበባ የምትገቡ ሰዎች፣ ይህችን አንብቡልኝ። በቴሌግራም «ሦስቱ ቤተ መንግሥቶች በአንድ ቀን፣ ልዩ መግቢያ፣ ያለ ወረፋ» የሚል ማስታወቂያ አለ። እኛ ከፍለን ተበልተናል። እናንተ እንዳትደገሙ ነው የምጽፈው።

አክስቴ ከሁለት ልጆቿ ጋር ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጥታ ነበር። ከአገር ከወጣች 27 ዓመቷ ነው። አያቴ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። ስድስት ኪሎ ስላለው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲያወሩላት ነው ያደገችው። «ሌላው ቢቀር እሱን ለልጆቼ ላሳያቸው» አለችኝ። እኔም ጊዜ እንዳናባክን ብዬ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ስልክ ደወልኩ።

ሰውዬው ትሁት ነው። «በራሳችሁ ብትሄዱ ትንገላታላችሁ፤ ቤተ መንግሥት እኮ ነው፣ በሰው ነው የሚገባው» አለኝ። የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። እኔ ከአራት ኪሎ ወደ ካሳንቺስ በሚወርደው ታክሲ ስመላለስ ነው ያደግኩት። በምኒልክ ቤተ መንግሥት አጥር ሥር ቆሞ ማየት እንኳ አይታሰብም ነበር። ዘበኛው ያያል፣ አንገታችንን ደፍተን እናልፋለን። ያ ፍርሃት አሁንም አለቀቀንም። ደላላው የሚሸጠው ያንን ፍርሃት ነው።

እውነቱ ሌላ ነው። የምኒልክ ግቢ ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፍቷል። ትኬት ቆርጦ ተፈትሾ መግባት ነው። ገነተ ልዑልም ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው እዚያው ሕንፃ ላይ ነው። የማንም ዘመድነት አያስፈልግም።

ዋጋውን ልንገራችሁ። በሰው 90 ዶላር፣ ለአምስት ሰው 450 ዶላር። ግማሹን በቀብድ፣ በብር ተመንዝሮ፣ በግለሰብ አካውንት። «እናቴና እኔ እኮ የነዋሪነት መታወቂያ ነው ያለን፤ በኢትዮጵያዊ ዋጋ ነው የምንገባው» ስለው «ፓኬጅ አይከፋፈልም» አለኝ። ደረሰኝ ስጠይቀው «የባንኩ ስክሪንሾት ይበቃል» አለ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ይመጣል የተባለው መኪና 5 ሰዓት ደረሰ። ያናገረኝ ሰው የለም። የመጣው ሾፌር ብቻ ነው፤ የአስጎብኚ ባጅ የለውም፣ ስለ ቦታውም የሚያውቀው ነገር የለም። ልዩ መግቢያ የተባለውስ? ሾፌሩ እንደ ማንኛውም ሰው ተሰልፎ ትኬት ቆረጠ። ትኬቶቹን ሲያድለን አየኋቸው። የእናቴና የእኔ በኢትዮጵያዊ ዋጋ የተቆረጡ ናቸው። ልዩነቱን ኪሱ ከተተው። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው የውጭ ዜጋ ዋጋ ራሱ እኛ ከከፈልነው ጋር የሚቀራረብ አልነበረም።

ከገንዘቡ በላይ ያናደደኝ ጥድፊያው ነው። ያ ግቢ በአንድ ሰዓት አያልቅም። እንቁላል ቤቱ አለ፣ ምኒልክ ከላይ ሆነው ከተማዋን ይቃኙበት የነበረው። መኳንንቱና ሠራዊቱ ግብር ይበላበት የነበረው ሰፊው አዳራሽ አለ። ከዙፋን ቤቱ ሥር ደግሞ ደርግ የአፄ ኃይለ ሥላሴን ባለሥልጣናት ያጎረበት ምድር ቤት አለ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ከተረሸኑት 60 ሰዎች ብዙዎቹ የታሰሩት እዚህ ግቢ ውስጥ ነው። የአክስቴ ትልቁ ልጅ እዚያ ሲደርስ ዝም አለ፤ ቆይቶ ጥያቄ ማብዛት ጀመረ። አንዲት የግቢው ሠራተኛ በትዕግሥት ስትመልስለት ሾፌሩ ስልክ ደወለልኝ። «ምሳ ተይዟል፣ ቶሎ ውጡ።»

ምሳው ሁለት ሰዓት ፈጀ። ቤቱን የመረጠው እሱ፣ የከፈልነው እኛ።

ከዚያ ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተብለን ሄድን። በ1948 ዓ.ም ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ 25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ የተሠራው ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ጃንሆይን በቮልስዋገን ጭነው ያወጧቸውም ከዚያ ነው። እኛ ከመኪናም አልወረድን። ሾፌሩ በአጥሩ በኩል በጣቱ አሳይቶን ነዳው።

ስድስት ኪሎ ስንደርስ 11 ሰዓት አልፏል። የሙዚየሙ በር ተቆልፏል። አክስቴ ደረጃውን ወጥታ መዝጊያውን በእጇ ነካ ነካ አደረገችው። ደጁ ላይ ያለውን የጣሊያን ደረጃ፣ ፋሺስቶች የሥልጣን ዘመናቸውን እየቆጠሩ የሠሩትንና አሁን ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠበትን፣ ለልጆቿ አሳየቻቸው። የካቲት 12 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚህ ነው አለቻቸው። የታኅሣሥ 1953ቱን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ግርግርም አያታቸው እንዳወሩላት ነገረቻቸው። በዚያ ግርግር ባለሥልጣናቱ የተረሸኑበትን አረንጓዴውን ሳሎን ግን ከውጭ ሆኖ ማሳየት አይቻልም። በረራዋ በማግስቱ ሌሊት ነበር፤ ቀኑ ደግሞ በዘመድ ስንብት ተያዘ። ሳታየው ሄደች። አንጀቴን በላችው።

ማታውኑ ሰውዬውን ደወልኩለት። «ማስታወቂያው ሦስቱን ታያላችሁ ነው የሚለው፤ አላያችሁም?» አለኝ። ሲነጋ ብሎክ አድርጎኛል።

ስለዚህ በራሳችሁ ሂዱ። ለምኒልክ ግቢ ግማሽ ቀን ስጡት፣ ገነተ ልዑልን ለሌላ ቀን ጠዋት አድርጉት። ከመውጣታችሁ በፊት የመክፈቻ ሰዓቱን ደውላችሁ አረጋግጡ። መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያዙ። ከመካከላችሁ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ሰው ትኬቱን ራሱ ይቁረጥ። አስጎብኚ መያዝ ክፉ ነገር አይደለም፤ ደህና አስጎብኚ ቦታውን ሕይወት ይዘራበታል። ግን ፈቃዱን አሳዩኝ በሉት። የመግቢያውና የእሱ ክፍያ ለየብቻ ይጻፍላችሁ። በድርጅት ስም ደረሰኝ የማይቆርጥ ከሆነ ቀብድ አትስጡት። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። እኔም አቤቱታ ለማቅረብ ሄጄ ነበር። መጀመሪያ የተጠየቅኩት ደረሰኝ ነው፤ የለኝም።

ማስታወቂያው ባለፈው ሳምንት በሌላ ስም ተመልሷል። ስልኩም ተቀይሯል። ፎቶው ግን ያው ነው፤ እንቁላል ቤቱ ከበስተኋላ፣ ከፊቱ «ያለ ወረፋ» የሚል ቀይ ጽሑፍ። ለእሱ ከፍላችሁ የምታውቁ ካላችሁ የባንክ ማስረጃችሁን አትጣሉት፤ ጻፉልኝና አቤቱታውን አብረን እናስገባ።