ወገቤና ሁለቱ ፍራሾች፦ ላቴክስ ወይስ ሜሞሪ ፎም?

ወገቡን ያመመው ሐበሻ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ጠንካራ ነገር ላይ ተኛ» የሚል ነው። ካልተሻለው «መሬት ላይ ተኛ» ይከተላል። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ አልጋቸውን ትተው ምንጣፍ ላይ የሚያድሩ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነኝ። ውሎዬ ሰው ማንሳት፣ ሰው ማገላበጥ፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዛወር ነው። ከመካከላችን ወገቧን የማያማት ካለች አዲስ የተቀጠረች ናት።

ቤታችን ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ፍራሽ አለ። ለዓመታት የተኛንበት ሜሞሪ ፎም፣ የሰውነትን ቅርጽ የሚይዘው ስፖንጅ፣ አሁን የእንግዳ ክፍል ገብቷል። የእኛ መኝታ ላይ ያለው ከጎማ የሚሠራው ላቴክስ ነው። ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ የድርጅቶቹን ስም ትቼዋለሁ።

የጥንካሬውን ነገር አስቀድመን እንጨርሰው። እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት አንድ የስፔን ጥናት አውጥቶ ነበር። ወገባቸውን ለረጅም ጊዜ ያመማቸውን 313 ሰዎች ለሁለት ከፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን ጠንካራ ፍራሽ፣ ለሌላው መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ተሰጠ። ከ90 ቀን በኋላ የበለጠ የተሻላቸው መካከለኛው ላይ የተኙት ሆኑ። ጥናቱ ጥንካሬን እንጂ ላቴክስና ሜሞሪ ፎምን አላወዳደረም። እሱን እየጠቀሰ ላቴክስ ሊሸጥላችሁ የሚሞክር ካለ አመስግናችሁ እለፉት።

ወደ ሜሞሪ ፎሙ ልምጣ። ይሄ ነገር እ.ኤ.አ. በ1966 ለናሳ ሲሠራ ዓላማው የአውሮፕላን ወንበር ነበር። አደጋ ሲደርስ ተሳፋሪው ላይ የሚያርፈውን ግፊት እንዲቀንስ ነው የታሰበው። ፍራሽ የሆነው በኋላ ነው፣ ስዊድኖች ናቸው ገበያ ያወጡት። ሙቀትና ክብደት ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ የሰውነትን ቅርጽ ይይዛል፣ ስትነሱ ቀስ እያለ ይመለሳል። እኛ ጋ ከአልጋ መነሳት ለማይችሉ ሰዎች እንዲህ ዓይነት ፍራሽ እንጠቀማለን። ዳሌና ተረከዝ ላይ የሚያርፈውን ጫና ስለሚያከፋፍለው የአልጋ ቁስልን ለመከላከል ይረዳል። ይሄን በዓይኔ ስላየሁ ሜሞሪ ፎምን አላጣጥልም።

በጎኔ ስተኛ ትከሻዬንና ዳሌዬን ደህና አድርጎ ይቀበለኝ ነበር። ሌላም ትልቅ ውለታ ነበረው። ባለቤቴ ማታ ማታ ታክሲ ይነዳል። ንጋት ላይ ገብቶ ጋደም ሲል አልሰማውም። ሜሞሪ ፎም የአንዱን እንቅስቃሴ ለሌላው አያሳልፍም። በዚህ ላቴክሱም ስፕሪንጉም አይደርሱበትም።

ችግሩ የሚጀምረው መገላበጥ ሲመጣ ነው። ወገብ ሲያም ከጎን ወደ ጎን መዞር ራሱ ሥራ ነው። ፎሙ ደግሞ የሰራላችሁን ጉድጓድ ቶሎ አይለቅም። ከዚያ ጉድጓድ ለመውጣት በወገባችሁ ነው የምትገፉት፣ ያ በታመመው! ሌሊት ላይ ለመዞር ስል እነቃለሁ፣ ጠዋት ስነሳ ወገቤ ገመድ የተጠመጠመበት ይመስለኛል። እናቴ ልጆቹን ልታይ ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ እሱ ላይ አስተኛኋት። በማግስቱ ቁርስ ላይ «አንቺ ልጅ፣ ምን ላይ ነው ያስተኛሽኝ? ዋጠኝ እኮ! ለሽንት ልነሳ ብዬ መከራዬን አየሁ» አለችኝ። ዕድሜዋ ከሰባ በላይ ነው፣ ጉልበቷም ያማታል። ጠርዙ ላይ ስትቀመጥ ፎሙ ወደ ታች ይዟት ይወርዳል። ሥራ ቦታም አረጋውያንን ከጠርዙ ስናስነሳ የምናየው ይሄንኑ ነው። ቤታችሁ ትልቅ ሰው ካለ የፍራሹን ጠርዝ ተቀምጣችሁ ሳትሞክሩ ገንዘብ እንዳታወጡ።

ሙቀቱስ? የሜሪላንድ ሐምሌ ወበቁ ለብቻው ይበቃል። ሜሞሪ ፎም ሙቀት ይዞ ያቆያል። ጄል ያለበት ነው ተብሎ የሚሸጠው ስትተኙበት ደስ ይላል፣ ሰውነታችሁ ካሞቀው በኋላ ግን ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ብርድ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ይጠነክራል። ጃንዋሪ ላይ ማሞቂያ ቀንሳችሁ የምትተኙ ከሆነ ገና ስትወጡበት ሳንቃ ነው። አዲስ አበባ ለመላክ የምታስቡም ይሄን አስቡበት። ሌሊቱ እዚያም ይቀዘቅዛል፣ ቤት ውስጥ ማሞቂያ ደግሞ ብዙም አልተለመደም።

ከጊዜ በኋላ እኔ የምተኛበት ጎን፣ ዳሌ የሚያርፍበት ቦታ፣ ጎደጎደ። ዋስትናው 10 ዓመት ይላል። ወረቀቱን አውጥቼ ሳነበው ዋስትናው የሚሠራው ማንም ሳይተኛበት ከአንድ ኢንች በላይ ጎድጉዶ ሲለካ ነው። የኔው ለጥቂት አልደረሰም። ወገብ ግን ኢንች አይጠብቅም።

ላቴክሱ ሌላ ነገር ነው። ከጎማ ዛፍ የሚወጣው ነጭ ወተት አየር እየገባበት ይመታና በሻጋታ ይጋገራል። ሁለት አሠራር አለው። ዳንሎፕ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ ያለ ነው፣ ከታች ጠጠር የሚል፣ ክብደት ያለው። ታላላይ የሚባለው አየሩ ተስቦለት፣ ቀዝቅዞ፣ ከዚያ ይጋገራል፤ ለስለስ ያለና ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። እኔ ወገቤን ደገፍ ያደርግልኛል ብዬ ከሥር ዳንሎፕ፣ ከላይ ታላላይ የሆነውን መረጥኩ።

ስትተኙበት ትንሽ ይቀበላችሁና ወዲያው ወደ ላይ ይደግፋችኋል። መዞር ስትፈልጉ ይከተላችኋል። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው፤ ለመዞር ብዬ መንቃት ቀረ። ጠዋት ካልሲ ለማድረግ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ስል አልሰምጥም። ወገቤ ዳነ ግን አልልም። ሥራዬ ያው ነው፣ ድርብ ሺፍት የሠራሁ ቀን ላቴክስም አያድነኝም። ድሮ ከአልጋ ስነሳ ይጀምረኝ የነበረው ሕመም አሁን ወደ ማታ ተገፍቷል።

እንከኑም ብዙ ነው። ዋጋው መጀመሪያ። ሜሞሪ ፎሙን 700 ዶላር አካባቢ ነበር የገዛነው። ላቴክሱ 1,700 ገደማ ወጣበት፣ የሜሪላንድ 6 በመቶ ታክስ ሳይጨመር። ክብደቱ ደግሞ ጉድ ነው። ኩዊኑ (ለሁለት ሰው የሚሆነው መጠን) ሃምሳ ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ እጀታ የለውም፣ ሲያነሱት ይጣጠፋል። ባለቤቴና የወንድሙ ልጅ ሁለተኛ ፎቅ ሲያወጡት ደረጃው ላይ የተባባሉትን አልጽፈውም። ወገባችሁን እያመማችሁ አንሶላ ስትቀይሩ ጥጉን ማንሳት ራሱ ፈተና ነው። የመጀመሪያ ሰሞን የአዲስ ጎማ ሽታ ነበረው፣ ቶሎ ለቀቀ። ከሁሉም ከሁሉም ግን ባለቤቴ ንጋት ላይ ሲገባ አሁን ይሰማኛል። ይሄን ከሜሞሪ ፎም ጋር አብሬ አጥቼዋለሁ።

የጤና ሠራተኞች አንድ ነገር ስሙኝ። የላቴክስ ጓንት እጃችሁን የሚያሳክካችሁ ካላችሁ ሐኪም ሳታማክሩ ይሄን ፍራሽ አትግዙ። ሲሠራ ብዙ ጊዜ ይታጠባል፣ ፕሮቲኑም አብዛኛው ይወጣል ይባላል። ቢሆንም በየሌሊቱ የምታቅፉት ነገር ነው። «ላቴክስ» የሚል ጽሑፍ ብቻም አይበቃም። ከፔትሮሊየም የሚሠራ ሰው ሠራሽ ላቴክስ አለ፣ የተቀላቀለም አለ። ጎልስ (GOLS) የሚል የኦርጋኒክ ላቴክስ ማረጋገጫ ያለው ቢያንስ 95 በመቶ ኦርጋኒክ ላቴክስ ነው። ያንን ካላያችሁ ሻጩን ድብልቁ ስንት በስንት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁት።

ርካሹን ሜሞሪ ፎም የምትገዙ ደግሞ የውጭ ሽፋኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። እሳት እንዳይዛቸው ውስጣቸው ፋይበርግላስ የሚደረግባቸው አሉ። ዚፕ አለው ብላችሁ ከፍታችሁ ልታጥቡት ብትሉ ብናኙ ቤቱን ይሞላዋል። ከሳንባና ከቆዳ ጋር የሚያጣላ ብናኝ ነው፣ ለማጽዳትም አበሳ ነው።

ሱቅ ስትሄዱ ጃኬትና ጫማ አውልቁና ቤታችሁ በምትተኙበት ጎን ሩብ ሰዓት ጋደም በሉ። እናፍራለን፣ አውቃለሁ፤ ሻጩ ቆሞ እያየ። በጀርባችሁ ስትተኙ እጃችሁን ወገባችሁ ሥር አስገቡ። እንደ ልብ ሾልኮ ከወጣ ፍራሹ ጠንክሮባችኋል። ጭራሽ አልገባም ካለ ሰምጣችኋል። በጎን ስትተኙ አብሯችሁ የሄደው ሰው ከኋላ ሆኖ አከርካሪያችሁ ቀጥ ማለቱን ይይላችሁ። ኪሎ የሚከብደው ሰው ጠንከር ያለ፣ የሚቀለው ለስለስ ያለ ያስፈልገዋል። ለሁለታችሁም እኩል የሚሆን አንድ ፍራሽ ላይኖር ይችላል።

በኢንተርኔት ከገዛችሁ ብዙዎቹ 100 ሌሊት ሞክሩ ይላሉ። ዝርዝሩን ስታነቡ ግን ቢያንስ 30 ሌሊት ሳትተኙበት መመለስ አትችሉም የሚል አለ። ፍራሹ ደግሞ አንዴ ከተከፈተ ወደ መጣበት ሳጥን ተመልሶ አይገባም። አልጋችሁ ርብራብ ከሆነ በእንጨቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ3 ኢንች እንዳይበልጥ። ላቴክስ በክፍተቱ ይንጠለጠላል፣ ዋስትናችሁም ይሰረዛል።

የኔ ፍርድ ይሄው። ሌሊት የምትገላበጡ፣ የሚሞቃችሁ፣ ከአልጋ መነሳት የሚከብዳችሁ ከሆነ ላቴክስ። በጎናችሁ ብቻ የምትተኙ፣ ትከሻና ዳሌ የሚጠዘጥዛችሁ፣ ወይ ሺፍታችሁ ከትዳር ጓደኛችሁ የማይገጥም ከሆነ ሜሞሪ ፎም፤ ግን ፎሙ ጥቅጥቅ ያለ ይሁን። እግር የሚያደነዝዝ፣ ሽንት የሚያስቸግር፣ ወይም ትኩሳት ያለበት የወገብ ሕመም ከሆነ ፍራሽ አትፈልጉ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

1,700 ዶላር የለኝም ለምትሉ፣ ያላችሁበት ፍራሽ ጠንካራና ደልዳላ ከሆነ ከላዩ የሚነጠፍ ባለ 2 ኢንች የላቴክስ ቶፐር አለ። ዋጋው የፍራሹ ሩብ እንኳ አይሞላም። እህቴ ቨርጂኒያ ውስጥ የምትተኛው እንደዚያ ነው፣ ተስማምቷታል። የጎደጎደ ፍራሽ ላይ ግን አታንጥፉት፤ ቶፐሩም አብሮ ይጎደጉዳል።