ደም ሳላይ አልሰጥም ላለችው ነርስ

እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ፣ በተለይ ቤታችሁ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ካለ፣ ይቺን ነገር አንብቡልኝ። እናቴን የምትከታተልልንን ነርስ ላመሰግናት ነው። ስሜን አታውጪ ስላለችኝ አልጽፈውም። የእኛው ልጅ ናት፤ ካንሰር ክሊኒክ ውስጥ ኬሞ ትሰጣለች።

እናቴ የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ናት። ደም ስሯ ስለሚያስቸግር ፖርት ገባላት። ፖርት ደረት ላይ ከፍ ብሎ ከቆዳ ስር የሚቀበር ትንሽ ዕቃ ነው። ከሱ የሚነሳው ቀጭን ቱቦ በትልቁ ደም ስር አድርጎ ልብ አጠገብ ይደርሳል። ክንድ ከመወጋጋት ገላግሏታል። ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ ይሄን ቁጭ አድርጎ ያስረዳን ሰው አልነበረም።

በፊት የምንሄድበት ቦታ ፖርቱ ውሃ ያስገባል እንጂ በስሪንጅ ሲስቡት ደም አይመልስም ነበር። "ከገባ ችግር የለውም" ብለው መድኃኒቱን ሰጧት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልሆነችም።

እዚህኛው ክሊኒክ ስንመጣ ቀዩ መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን፣ ተዘጋጅቶ ነበር። ነርሷ መርፌውን ሰካች፣ የጨው ውሃ ሰደደች፣ ከዚያ ስሪንጁን ሳብ አደረገችው። ባዶ። "እማማ፣ እስቲ ክንድዎን ወደ ላይ ያንሱልኝ። አሁን ይሳሉ። ፊትዎን ወደዚያ ያዙሩ።" ወንበሩንም ወደ ኋላ አስተኛችው። አሁንም ባዶ።

መድኃኒቱን ወደ ጎን አስቀመጠችው።

እናቴ ደክሟታል። "ልጄ፣ ውሃው ገብቶ የለ? ስጪኝና ልሂድ" አለቻት። "እማማ፣ ቢቆጡኝም ደም ሳላይ ይሄንን አልሰጥም።"

ከዚያ አጠገባችን ተቀምጣ አስረዳችን። ዶክሶሩቢሲን ከደም ስር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቆስላል፤ ቁስሉም በቀላሉ አይድንም። ደም የማይመለሰው ብዙ ጊዜ ቱቦው ጫፍ ላይ ስስ ሽፋን ስለሚሠራ ነው። ውሃ ሲገፋው ይከፈታል፣ ሲስቡት እንደ ክዳን ይዘጋል። ግን ቱቦው ተሰንጥቆ ወይም ከቦታው ተንሸራቶም ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ አይቶ መለየት አይቻልም። ሐኪሙን ጠራች፣ ራጅ ታዘዘ። ቱቦው ቦታው ላይ ነው። ከዚያ አልቴፕሌዝ የሚባል የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት፣ 2 ሚሊግራም፣ ፖርቱ ውስጥ አስገብታ ተወችው። ከ30 ደቂቃ በኋላ ሳበች፣ እምቢ አለ። "እስከ 120 ደቂቃ ይጠበቃል፣ አይዟችሁ" አለችን። በመጨረሻ ጠቆር ያለ ደም ስሪንጁ ውስጥ ሲገባ እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ቀዩንም የሰጠቻት በቀስታ፣ በየመሃሉ ደም እየሳበች እያየች ነው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ገና ሰላም ስትላት የእናቴን እጅ ያዝ አድርጋ አየችው። የሰዓቷ ማሰሪያ ቆዳዋ ላይ ጠልቆ ታትሟል። ፖርቱ ያለበት ጎን እጇ አብጧል ማለት ነው። እኛ በየቀኑ አብረናት እየዋልን ልብ አላልነውም። በአልትራሳውንድ ሲታይ ደም ረግቷል። ደም ማቅጠኛ ተጀመረላት። ፖርቱ በደንብ ስለሚሠራና ገና ስለሚያስፈልጋት ሳይወጣ ቀረ። ረግቶ የቆየ ደም ወደ ሳንባ ሊሄድ እንደሚችል ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

የነገረችንን ለእናንተም ልንገራችሁ። ትኩሳት 38 ዲግሪ፣ በዚህ አገር ቴርሞሜትር (በፋራናይት) 100.4፣ ከደረሰ እስከ ጠዋት አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ደውሉ። የፖርቱ ውስጥ ከታጠበ በኋላ ብርድ ብርድ ብሎ ካንቀጠቀጠ ኢንፌክሽኑ እዚያው ፖርቱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ሲሰጥ ካቃጠለ ወይም የፖርቱ ዙሪያ ካበጠ ያኔውኑ "አቁሙልኝ" በሉ፤ ይሉኝታ አያስፈልግም። ከ10 ሚሊ ሊትር በታች በሆነ ትንሽ ስሪንጅ በኃይል ሲገፋ ቱቦውን ሊያፈነዳው ይችላል። ኬሞው ካለቀም በኋላ ፖርቱ እስኪወጣ ድረስ በየጊዜው መታጠብ አለበት፤ በየስንት ጊዜ እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ግን መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት "ደም መለሰ ወይ?" በሉ። ጥሩ ነርስ በዚህ ጥያቄ አትከፋም።

እህቴ፣ ይሄን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ያን ቀን ወረፋው ሞልቶ፣ ሰው እየጠበቀሽ፣ ለእናቴ ጊዜሽን ሰጠሻት። እጅሽ ይባረክ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ክሊኒኩን ማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እነግራችኋለሁ። ቀጠሮ ስትይዙ አማርኛ የምትናገረዋን ነርስ ጠይቁ፤ እናቶቻችን ያመማቸውን ሳይደብቁ የሚነግሯት ሰው ናት።