ሞድ ወይስ ሮከር? የ1960ዎቹ ሁለት አለባበሶች

እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዟ ብራይተን ባህር ዳርቻ ሞድና ሮከር የሚባሉ ሁለት ዓይነት ወጣቶች ተደባደቡ። ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ልብሱ ይናገር ነበር።

ሮከሮቹ ሮክ ኤንድ ሮል የሚወዱ ባለ ሞተሮች ናቸው። ጥቁር የቆዳ ጃኬት፣ ጂንስ፣ ቦት ጫማ፤ በቃ። ቆዳው ለማማር ብቻ አልነበረም። ንፋስ ያግዳል፣ ከሞተር ለወደቀም ገላን ያተርፋል።

ሞዶቹ ግን ሌላ ዓለም ናቸው። የጥቁር አሜሪካውያኑን ሶልና የጃማይካውን ስካ ሙዚቃ ይሰማሉ፤ ቬስፓና ላምብሬታ የሚባሉ የጣሊያን ስኩተሮችን (ትንንሽ ሞተሮችን) ይነዳሉ። ሱፋቸው የጣሊያን ፋሽን የተከተለ፣ በልክ የተሰፋ ነው። ኮቱ ባለ ሦስት ቁልፍ፣ ሱሪው ጠበብ ያለ። ብዙዎቹ ደሞዛቸውን ልብስ ሰፊ ጋ ነበር የሚጨርሱት። ከላይ የሚደርቡት ሰፊው የአሜሪካ ጦር ፓርካ (ባለ ኮፍያ ካፖርት) ደግሞ ሱፉን ከዝናብና ከመንገድ ቆሻሻ ይከላከላል። እኔን የሚማርከኝ ይሄ ነው፤ ርካሽ የወታደር ካፖርት ውድ ሱፍ ሲጠብቅ!

ዛሬ ለመልበስ ላሰበ የሮከሩ ይቀላል። አንድ ጥሩ ጃኬት ከተገኘ አለቀ። የሞዱ ግን ልክ ካልሆነ ያስታውቃል፤ እጅጌው ትንሽ ከረዘመ ሁሉም ይበላሻል። ቢሆንም እኔ ሞዱን እመርጣለሁ። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ካላችሁ፣ ያንን የቆየ ሱፍ አውጡና ሱሪውን አስጠብቡት።