አራተኛው ሚኒስኮፕ፦ አይጥ ተሸክማው የምትሄድ ማይክሮስኮፕ

በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሠርተው ንድፉን ለማንም በነጻ የለቀቁት አራተኛው ትውልድ ሚኒስኮፕ፣ አይጥ በጭንቅላቷ ላይ ተሸክማው የአንጎሏን የነርቭ ሕዋሳት የሚቀርጽ ትንሽ ማይክሮስኮፕ፣ 2.6 ግራም ገደማ ይመዝናል። ለእኛ ኢምንት ቢመስልም፣ 25 ግራም ለምትመዝን አይጥ ከሰውነቷ አንድ አሥረኛ ያህል ሸክም ስለሆነ፣ እኔ ከቀረጻው በፊት ለጥቂት ቀናት ተመሳሳይ ክብደት ያለው ባዶ ቁራጭ አሸክሜ አለማምዳታለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የነርቭ ሕዋስ ሲነቃ ካልሲየም ወደ ውስጡ ይገባል፣ በቫይረስ አማካይነት ሕዋሱ እንዲያመርተው የተደረገው ጂካምፕ የተባለው ፕሮቲንም ካልሲየሙን ሲይዝ በሰማያዊ ብርሃን ሥር አረንጓዴ ሆኖ ይደምቃል። መሣሪያው 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው እይታው ውስጥ በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳትን ሊቀርጽ ይችላል። ሂፖካምፐስ የተባለውን ጠለቅ ብሎ የሚገኝ የአንጎል ክፍል ለማየት ግን ከላዩ ያለውን የአንጎል ሕብረ ሕዋስ በጥቂቱ አንሥቶ ሌንስ መትከል ስለሚያስፈልግ፣ «ጉዳት የሌለው ዘዴ» ሲባል ስሰማ አልስማማም።

በእኔ ግምት ዋጋውን የሚያስቆጥረው በራሱ በመሣሪያው ውስጥ ያለው በኤሌክትሪክ የሚስተካከለው ሌንስ ነው። በቀድሞው ትውልድ ትኩረቱ የሚስተካከለው አካሉን በእጅ አንሸራትቶ በብሎን በማጥበቅ ነበር። አንድ ቀን ቸኩዬ የመሣሪያውን መቀመጫ ከአይጧ ራስ ቅል ጋር በጥርስ ሲሚንቶ ካጣበቅሁ በኋላ፣ ሲሚንቶው ሲደርቅ ስለሚኮማተር፣ በማግስቱ ሕዋሳቱ ደብዝዘው ጠበቁኝ፤ ሆኖም ሌንሱ ትኩረቱን ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 200 ማይክሮሜትር ስለሚያዛውር፣ ከኮምፒውተሩ ሳልነሣ የደም ሥሮቹ ጥቁር መስመር ተመልሶ ጠራልኝ።

ድክመቱ ከብርሃኑ የሚመጣ ነው። ከትኩረት ውጭ ያለው ሕብረ ሕዋስ ሁሉ አብሮ ስለሚያበራ ጥሬው ምስል ጉም የለበሰ ይመስላል፣ ሕዋሳቱን ለይቶ ማውጣትም የሶፍትዌር ሥራ ይሆናል። የካልሲየም ምልክት ዘገምተኛ በመሆኑም፣ የእያንዳንዱን የኤሌክትሪክ ምት ሚሊ ሰከንድ ለሚፈልግ ሰው በአንድ ጊዜ ከ384 ነጥቦች የሚቀዳው ኒውሮፒክስልስ 2.0 የተባለው፣ አንጎል ውስጥ የሚገባ ቀጭን የኤሌክትሮድ መርፌ ይሻለዋል። ያንኑ ሕዋስ ለሳምንታት መከታተል ለሚፈልግ ግን ምርጫዬ ሚኒስኮፕ ነው፤ ኃይልና ምስል የሚያመላልሰው አንዱ ቀጭን ገመድ አይጧ ደጋግማ በዞረች ቁጥር እየተጠማዘዘ ስለሚያጥርባት፣ ከላይ የሚሽከረከር ማያያዣም አብሮ ይታሰብ።