ሻተሩን ያስቀየርኩት ካኖን 5ዲ ማርክ 3፦ ከስምንት ወር በኋላ

የተበላሸብኝ ጥር 2017 ነው። ቱሉ ዲምቱ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ሚዜዎቹ በር ላይ ተይዘው እየተዘፈነባቸው አንድ ፎቶ አነሳሁ፣ ቀጭ የሚለው ድምፅ ተቀየረ፣ ስክሪኑ ላይ «ኤረር 20» መጣ። ባትሪውን አውጥቼ መለስኩ። ሁለት ፎቶ አነሳና እንደገና ቆመ። ቪዲዮ ሊቀርጽ አብሮኝ የመጣው ጓደኛዬ ትርፍ ካሜራውን ባይሰጠኝ ምን እንደምሆን እንጃ። እግዜር ይስጠው። ሙሽሮቹ ምንም ሳያውቁ ቀኑ አለፈ። እኔ ግን ማታ ኮዬ ፈጬ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ይሄ ካሜራ እንጀራዬ ነው።

ስለ ካሜራው ባጭሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው። ፉል ፍሬም (ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ የድሮውን 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል ነው)፣ 22.3 ሜጋፒክስል፣ 61 የፎከስ ነጥብ። ሻተሩ 150,000 ጊዜ እንዲሠራ ተብሎ ነው የተሠራው። የእኔን በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተን በሶፍትዌር ስናየው ከ210,000 አልፏል። ስለዚህ ካሜራውን አልወቅሰውም። ከተባለለት በላይ ሠርቶልኛል።

ሻተር ማለት ከሴንሰሩ ፊት ያሉ ሁለት መጋረጃዎች ናቸው። አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ተከትሎ ይዘጋል። ፍጥነቱ ሲጨምር ሁለቱ በጣም ይቀራረቡና በመሃላቸው ያለችው ቀጭን ክፍተት ብቻ ናት ሴንሰሩ ላይ የምታልፈው፤ እዚያ ላይ አንዱ መጋረጃ ትንሽ እንኳ ከተዛነፈ የፎቶው አንድ ጠርዝ ይጠቁራል። ለካ ምልክቱን ከሁለት ወር በፊት አይቼው ነበር! ጠራራ ፀሐይ ላይ በ1/4000 ሰከንድ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ጫፋቸው ጠቆር ይል ነበር። የሌንሱ ከለላ ጥላ መስሎኝ አለፍኩት። እናንተ እንዳታልፉት። በወር አንዴ ነጭ ግድግዳ በ1/4000 እና በ1/8000 አንሱና ብርሃኑ ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑን እዩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ ጭንቀቱ መጣ። ላሠራ ወይስ ልቀይር? ወንድሜ «ገላግለው፣ አዲስ ግዛ» አለኝ። ዋጋ ጠየቅኩ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ስለነበር፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አብሮ ወጥቷል። ከእኔው በኋላ የወጣው ካኖን አር 6 ስላሹ (ያገለገለው) ራሱ ከ200,000 ብር በላይ ተባልኩ። ያገለገለ የእኔው ዓይነት ማርክ 3 ደግሞ 115,000 ብር። ግን ያን ስገዛ የምገዛው የሌላ ሰው ያረጀ ሻተር ነው። የካኖን ሻተር ስንት ጊዜ እንደሠራ ፎቶው ላይ አይጻፍም። ሻጩ ሶፍትዌር አስገብቼ ልየው ስለው አልፈቀደም። እዚያው ተውኩት።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጥገና ቤት ካሜራውን ሳይከፍት «ቦርዱ ነው» ብሎ ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ ጠየቀኝ። ወጣሁ። ከዚያ ጓደኞቼ ሁሉ የሚያሠሩበትን ጋሼ ፈለግኩ። ፒያሳ ነበር የሚሠራው። ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ መገናኛ መሄዱን ሰው ጠይቄ ነው ያገኘሁት። ዓይኔ እያየ ከፈተው። ከመጋረጃዎቹ አንዱ ስንጥቅ አለው። ቦርዱ ደህና፣ መስታወቱ ደህና፣ ሴንሰሩ ንጹሕ። «ልጄ፣ ይሄ የመኪና ጎማ ማለት ነው። ያልቃል፣ ይቀየራል» አለኝ። ልቤ ያን ጊዜ ነው የረጋው። እኔ የጥገናውን ዋጋ ብቻ ነበር ሳሰላ የከረምኩት። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ የተበላሸው ምንድን ነው የሚለውን ነበር። የሚያልቅ ዕቃ ካለቀ ይቀየራል። ውሃ ገብቶ ቦርዱ ቢበላ ግን አላሠራውም ነበር፤ ዛሬ አንዱን ስትጠግነው ነገ ሌላው ይሄዳል።

አዲሱን ሻተር ከዱባይ በሚመጣ ሰው አስመጣን። አምስት ሳምንት ፈጀ። ደግነቱ ዐቢይ ጾም ገብቶ ሠርግ አልነበረም። ከእጅ ዋጋው ጋር 34,000 ብር ከፈልኩ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ተረከብኩት።

ከፋሲካ በኋላ ሠርጎች፣ ሰኔና ሐምሌ ምረቃ፣ ከዚያ መስቀል። እስካሁን 28,000 ገደማ ፎቶ አንስቼበታለሁ። ኤረር አንድም ቀን አልመጣም። ግድግዳው ላይ ስፈትነው ብርሃኑ እኩል ነው። መጀመሪያ ላይ ብቻ አንድ ነገር አስደነገጠኝ። የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቤ በኤፍ 11 እና ከዚያ በላይ ሳነሳ ሰማዩ ላይ ክብ ክብ ነጠብጣብ ይታይ ነበር። የአዲሱ ሻተር ቅባት ሴንሰሩ ላይ ተረጭቶ ነው። ጋሼ ሁለቴ በነጻ አጸዳልኝ፣ ከዚያ በኋላ ቆመ።

ተክሊል ላይ አሁንም ይሄን የሚያህል አላየሁም። ድምፅ የሚቀንሰው ሞድ ላይ ሳደርገው ቀሳውስቱ እንኳ ዞር ብለው አያዩኝም። ብርሃን ሲያንስ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) 6400 ላይ አድርጌ ያነሳሁት የቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፎቶ አልበም ላይ ያምራል። እኛ ሰፈር በበጋ አቧራው ሌላ ነው፣ ስለዚህ አሁን ሌንስ የምቀይረው መኪና ውስጥ፣ መስኮት ዘግቼ፣ ካሜራውን ወደ ታች ደፍቼ ነው። ፊት እንደዚህ አልጠነቀቅም ነበር።

ጥገናው ያላስተካከለው ነገርም አለ። ፎር ኬ ቪዲዮ የለውም። ሁለት ደንበኛ በዚህ ምክንያት አጥቻለሁ፣ ያንገበግበኛል። ባትሪና ሜሞሪ ሲገባበት 950 ግራም ነው፤ 70-200 ሌንስ ሲታከልበት ማታ ላይ የእጄ አንጓ ያቃጥለኛል። ዋና ሥራችሁ ቪዲዮ ከሆነ 34,000 ብሩን እዚህ ላይ አታውሉት፣ ለአዲሱ አስቀምጡት። እኔ ግን ከአሥር ሥራ ስምንቱ ፎቶ ነው።

ደግሞ ሌንሶቼ አሉ። 24-70፣ 70-200 እና 50። ሦስቱ ተደምረው ከካሜራው በላይ ያወጣሉ። አር 6 ብገዛም በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) ይሠራሉ፣ ስለዚህ ባሠራሁት ምክንያት የቀረብኝ ነገር የለም። ጊዜ ነው የገዛሁት። የፎቶ አንሺዎች ዕቁብ ገብቻለሁ። ዕጣ ሲወጣልኝ አር 6 እገዛና ማርክ 3 ሁለተኛ ካሜራዬ ይሆናል። እስከዚያ ግን ለየሠርጉ ትርፍ ካሜራ እከራያለሁ። የቱሉ ዲምቱው ቀን እንዲደገምብኝ አልፈልግም። ለመጪው ጥር የሦስት ሠርግ ቀብድ ተቀብያለሁ፣ ሦስቱንም በዚሁ ነው የማነሳው።